ምጽዋት የአንድ ሰው ሸክም ብቻ እንዳይሆን

የተራበን ማብላት፥ የታረዘን ማልበስ፥ ወላጅ የሌለውን ሕፃን ማሳደግ የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይኸውም ለካህናትና ለመነኮሳት ብቻ የተሰጠ ሳይሆን በትዳሩና በሥራው ለሚኖረው ምእመን ጭምር የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን ግዴታ የሚያስታውሰው ገንዘብ ሲተርፈው ነው፤ ያልተረፈውም ነገሩን ለመንግሥትና ለባለጸጋ ይተወዋል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የወይዘሮ አበበች ጎበና ሕይወት ያስረዳል።

ወይዘሮ አበበች በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በሸዋ ሸበል አቦ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። ጊዜው የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ስለ ነበረ አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ፤ እሳቸውም በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በዐሥር ዓመታቸው ሳይወዱ ተዳሩ፤ ከዚያም ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ። ጥቂት ከተማሩ በኋላ በቡናና በእህል ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። እንግዲህ ሀብት የወረሱ ወይም ሹመት የያዙ ሰው አልነበሩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ አገሩ በራብ ተጎድቶ አገኙት። በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጠበል ብቻ ነበር፤ እሱኑ ለተራቡት አካፈሉ። በሞተች እናቷ አጠገብ የቀረችውን ሕፃንና ሌላ አንድ ወላጅ የሌለው ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላም ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው በመጀመሪያ ቢደግፏቸውም ቁጥሩ ሲበዛ ከትዳራቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ፤ እሳቸውም ልጆቹን መርጠው ከቤት ወጡ። ጌጣቸውን ሸጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም ልጆቹን መገቡ። በኋላ ቦታ አግኝተው በስማቸው የሚጠራውን የሕፃናት ክብካቤ ድርጅት አቋቋሙ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙ ሺህ ልጆች በእሳቸው ሥራ ተረድተው ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን የተገባ ነው፤ ምስጋና ብቻ ግን አይበቃም። አንዲት ሴት 21 ልጆች ይዛ ብቻዋን ከቤት ስትወጣ፥ 21 ቤቶች አንድ አንድ ልጅ ተካፍለው ቢሆን ኖሮ ትዳር ባልፈረሰም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ስለዚህ አይደለምን?

ይህ ነገር ይልቁንም ለደብረ ታቦርና ለጣራ ገዳም አካባቢ አገር ሊታሰብበት ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ከጣራ ገዳም በስተምሥራቅ ባለችው በእብናት ብዙ ዐሥር ሺህ ሕዝብ ከራብ ሸሽቶ በመጠለያ ተሰበሰበ፤ በሚያዝያ ወርም መጠለያው በባለሥልጣኖች ትእዛዝ በግድ ተበተነ፤ ጉልበቱ የደከመ ሕዝብ በእግሩ እንዲመለስ ተደረገ። ባላገር በሬውን ሸጦ፥ ዘሩን በልቶ፥ ቤቱን ዘግቶ ከወጣ በኋላ የሚደረግለት ርዳታ ነፍሱን ቢያተርፍ ኑሮውን አያተርፍም። ስለዚህ ርዳታው ከቤቱ ሳይወጣ ሊደርስለት ያስፈልጋል።

ለዚህም የሚሆን መሣሪያ በየደብሩ አለ። ሰንበቴው በየእሑዱ ተራ እየገባ እንጀራና ጠላ ያቀርባል፤ ድኆችም ከዚያው ይበላሉ። በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ካህናትን፥ ምእመናንንና የሰንበት ተማሪዎችን በአንድነት ያስቀምጣል። ይህ ጉባኤ በሰበካው ያሉትን ወላጅ አልባ ልጆችና ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች በመዝገብ ቢጽፍ፥ በታኅሣሥና በጥር እህሉ ከአውድማ ሲገባ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ቢያጠራቅምና ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በክረምት ቢያወጣ፥ ምእመናንም ልጆቹን ከትውልድ መንደራቸው ሳያርቁ ለማሳደግ ቢካፈሉ፥ ክፉ ቀን ሳይታሰብ አይመጣም።

ድኃ ደብር ይህን ከየት ያመጣል የሚል ካህን ይኖር ይሆናል። ወይዘሮ አበበች የጀመሩት በአንድ ዳቦ እንደ ሆነ ያስታውስ። ሥራው የመንግሥት ነው የሚልም አይታጣም፤ እርግጥ ዝናብ ሲታጎልና ብዙ ወረዳ ሲራብ የደብር ጎተራ አይበቃም፤ ያን ጊዜ እህል ማቅረብና መንገድ መክፈት የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን የማን ቤት ጭስ እንዳቆመ ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት የነፍስ አባቱና ጎረቤቱ ናቸው። የወረዳው ሹም መዝገባቸውን ተቀብሎ ሳይዘገይ ቢሠራበት፥ ሒሳቡም በየጊዜው እየተመረመረ ለሕዝብ ቢነበብ፥ መተማመን ይጸናል፤ ርዳታውም በጊዜው ይደርሳል።

ቸር ሰው በየዘመኑ ይነሣል፤ ነገር ግን እስኪነሣ መጠበቅ ብዙ ነፍስ ያስጠፋል። ስለዚህ የደብር አለቆችና የወረዳ ሹማምንት በጥጋብ ወራት ተሰብስበው ይህን ቢመክሩ፥ ወደ ፊት የሚነሣው ደግ ሰው ረዳት ያገኛል፤ ወላጁን ያጣው ሕፃንም በአገሩና በወገኑ መካከል ያድጋል።