የዮቶር ምክርና የዘጠኝ ዓመቱ ተከሳሽ

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አይቶ «ይህ አያዋጣም» ያለው እስራኤላዊ አልነበረም፤ አማቱ ዮቶር፣ የምድያም ካህን ነው። ሙሴም «አንተ ምድያማዊ ነህ፤ በእኛ ፍርድ ምን አገባህ?» አላለውም። ዘጸአት 18ን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው የተመከረውን በሙሉ አደረገ። የመጀመሪያው የፍትሕ ማሻሻያ ከውጭ ሰው አፍ የመጣ ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ በ1989፣ በ1993፣ በ1999 እና በ2007 ዓ.ም. ሪፖርታችንን መርምሯል። ልጅ በወንጀል የሚጠየቅበት ዕድሜ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ደጋግሞ ነግሮናል። ዕድሜው 9 ዓመት ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮሚቴው ለአገሮች ሁሉ በሰጠው ማብራሪያ ቢያንስ 14 እንዲሆን አሳስቧል።

የእኛ መንግሥት መልስ ምን ነበር? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ይላል። በ1996 ዓ.ም. ያ ሕግ ከላይ እስከ ታች እንደገና ተጻፈ፤ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ከተናገረ በኋላ። በልጆች ላይ ይወሰን የነበረው የግርፋት ቅጣት ወጣ፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባል። 9 ግን 9 ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ጊዜ አላገኘንም» የሚል ካለ አይሰማ። ብዕሩም ወረቀቱም በእጃቸው ነበር።

ለሕጉ የሚከራከሩ «ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ተግሣጽ ወይም ጠባይ ማረሚያ ነው የሚታዘዝለት» ይላሉ። ሕጉ እንደዚያ ይላል፤ አልክድም። ጠባይ ማረሚያው ግን የት ነው? ለረጅም ዘመን ስሙ ሲጠራ የኖረው አዲስ አበባ ያለው ነው። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዝዛል፤ የሚለዩበት ቤት ካልተሠራ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል። 15 ዓመት ያለፈው ደግሞ የሚዳኘው በአዋቂው ሕግ ነው። ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞትም አይፈረድበትም።

ከዳባትና ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ በግ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ደግሞ አስቡ። ጣቢያ ተወስዶ እናቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሲጠየቁ «አዝመራው በውርጭ በተመታበት ዓመት ነው የወለድኩት» ይላሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜው በግምት ይወሰናል፤ ቁመቱ ዘለግ ካለ 13ቱ 16 ሊሆንበት ይችላል። ደጋ ላይ ሥራ ቶሎ ያጠነክራል፤ ፊትም ቶሎ ይጠቁራል።

«የፈረንጅ ሐሳብ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ፈርመን ስናበቃ ባዕድ ነው ማለት የቃል አባይነት ነው። «ክልላችን በጦርነት እየታመሰ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። ሰላም ሲደፈርስ ግን ጎረምሳ ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ሕጉ በተለይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

እኛስ? በማቴዎስ 25 ጌታ ራሱን ከእስረኛ ጋር እንደቆጠረ እንሰብካለን፤ በበዓል ሰሞንም ዳቦና መዝሙር ይዘን ማረሚያ ቤት እንሄዳለን። አይጠላም። ግን ከመካከላችን «እዚህ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ስንት ናቸው? ማታ የሚያድሩትስ ከማን ጋር ነው?» ብሎ ኃላፊውን የጠየቀ ማን ነው? በሚቀጥለው ጉብኝት ከዳቦው ጋር ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ይዘን እንግባ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንጠይቅ።