አፍንጫ ይመስክር ወይስ መሣሪያ?

ወንጪ ብርድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ጠርዝ ላይ ማለዳ የቆመ ሰው፣ አንዲት መለኪያ አረቄ ለምን እንደምትፈለግ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ ቢጠጣ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን ወንጪ የእንግዳ አገር ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሎጅ ተገንብቶበታል። ከአምቦ ወይም ከወሊሶ የመጣ እንግዳ ቁልቁለቱን በፈረስ ይወርዳል፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም በጀልባ ይሻገራል፣ ማታ በመኪና ይመለሳል። ፈረስ ሳቢው፣ ቀዛፊውና ሾፌሩ የሰው ነፍስ ይዘዋል። ታዲያ ከእነሱ አንዱ ሞቅ ብሎት ሥራ ቢገባ ማን ያውቃል? በምንስ ይታወቃል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ቀልድ የለውም። ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ክልክል ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያም ያሰናብታል። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ሠራተኛው ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ገብቶ ጉዳት ቢደርስበት፣ ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ተቆጥሮ አሠሪው ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል። ማለትም “ሰክሮ ነበር” የምትለው ቃል እንጀራንም ካሳንም ታስቀራለች። አዋጁ ግን ስካር በምን እንደሚለካ አይናገርም። እናም በየመሥሪያ ቤቱ መለኪያው የአለቃ አፍንጫ ነው።

አፍንጫ ደግሞ ክፉ ዳኛ ነው። ሽታ መኖሩን እንጂ መጠኑን አያውቅም። ስኳሩ በድንገት የወረደበት ሕመምተኛም ይንገዳገዳል፣ አንደበቱም ይያያዛል፤ አለቃው ከተቀየመው “ጠጥቷል” ለማለት ምን ይከለክለዋል? በዚህ ምክንያት ነው የትንፋሽ መለኪያው ከአሠሪው ይልቅ ሠራተኛውን ይጠቅማል የምንለው። አዲስ አበባ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ሲጠቀምበት አይተናል፤ ከደም ወደ ሳንባ የሚወጣውን አልኮል በቁጥር ያሳያል።

መሣሪያውም ቢሆን ሥርዓት ይፈልጋል። አሁን የተጎነጨ ወይም አልኮል ባለው መድኃኒት አፉን የተጉመጠመጠ ሰው አፉ ውስጥ የቀረው ቁጥሩን ያንረዋል። 15 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ደግሞ መለካት ግድ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት የጠጣ ሰው ተኝቶ ቢነሳም ጠዋት ሊገኝበት ይችላል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያጠፋውም። ስለዚህ ቁጥር የታየበት ሠራተኛ የዚያን ቀን ከጀልባውና ከመሪው ይራቅ፣ ቤቱ ይግባ። ደጋግሞ ከተገኘ ሕክምና ያስፈልገዋል። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሠራር መመሪያ የመጠጥ ችግርን እንደ ጤና ችግር ነው የሚያየው።

ሥራ አመልካችን ማስነፋት ግን ለእኛ ትርጉም የለውም። ትንፋሽ የሚናገረው ያለፉትን ጥቂት ሰዓታት ነው። ለፈተና ቀን ያልጠጣ ሁሉ ያልፋል፤ ሠርግ አድሮ የመጣ ምስኪን ይወድቃል። ደብተር ጻፊውንና አትክልተኛውን በየጠዋቱ ማሰለፍም እንዲሁ ውርደት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። በማኅበር ተደራጅቶ በተራው የሚሠራ ባለጀልባና ባለፈረስ አሠሪ የለውም፤ አዋጁም አይደርስበትም። እሱ ዘንድ መተዳደሪያ ደንቡን የሚጽፈው ማኅበሩ ነው። አንድ መሣሪያ ጀልባ መነሻው ላይ ይቀመጥ፤ ተረኛ ሁሉ ይንፋ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ከሁሉም ቀድሞ ይንፋ።