ጎተራው ሳይሆን በሩ ይመርመር

እንደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ደምበጫ ባሉ የምዕራብ ጎጃም የሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎች የዕለቱ ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ታዛቢው ባለፉት 24 ሰዓታት በመለኪያው የተጠራቀመውን ውኃ በሚሊ ሜትር አንብቦ በቅጹ ላይ ያሰፍራል። ዝናብ ካልነበረ 0 ይጽፋል፤ ታሞ ወይም መለኪያው ተሰብሮ ሳይለካ ከቀረ ግን ቦታው ባዶ ይሆናል። 0 ምስክርነት ነው፤ ባዶው ቦታ ደግሞ የምስክር አለመኖር ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚህችው ባዶ ቦታ ነው።

መረጃ እየበዛ አንድ ኮምፒዩተር አልበቃ ሲለው፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አከፋፍሎ ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። ጉግል የራሱን የፋይል ሥርዓት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳወቀ በኋላ፣ በ2006 ሃዱፕ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተወለደ፤ ስሙም ከፈጣሪው ከደግ ከቲንግ ልጅ የዝሆን አሻንጉሊት የተወሰደ ነው። ሃዱፕ በመደበኛ አቀማመጡ ፋይሉን በ128 ሜጋ ባይት እየቆረሰ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ በሦስት ቅጂ በተለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ያኖራል። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሁለቱ ይተርፋሉ። ይህ ጥበብ ስላስደነቀን ይመስለኛል፣ መረጃ ጎደለ በተባለ ቁጥር የምንሮጠው ወደ ማከማቻው ነው። በእኔ አስተያየት ግን ፍለጋው መጀመር ያለበት ከመግቢያው በር ነው። ሦስት ቅጂ የሚጠብቀው የገባውን ብቻ ነው፤ በር ላይ የቀረውን አያመጣም፣ ተሳስቶ የገባውንም ሦስት ጊዜ ከመጻፍ በቀር አያርመውም።

ለምሳሌ የጣቢያዎች ንባብ ፍሉም በተባለው የመረጃ ማጓጓዣ ወደ ሃዱፕ ቢላክ ምን ያጋጥማል? ፍሉም አብሮት የመጣው ልክ ካልተለወጠ በየ30 ሴኮንዱ፣ ወይም 1024 ባይት ሲሞላ፣ ወይም 10 መዝገብ ሲደርስ፣ ከሦስቱ በቀደመው ፋይሉን ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። ውጤቱ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ፋይል ነው። ትንሽ ፋይል የ128 ሜጋ ባይት ቦታ ይይዛል የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሚያጣብበው የፋይሎችን ስምና አድራሻ የሚይዘውን ዋና ኮምፒዩተር ሜሞሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፋይልና ቁራሽ በግምት 150 ባይት ይፈጃልና። እየተጻፈ ያለ ፋይልም እስኪዘጋ ድረስ መጠኑ 0 ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ ጀማሪ መረጃው የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። እውነተኛው ጥፋት የሚደርሰው መብራት ሲቋረጥ ነው። ፍሉም መዝገቡን በሜሞሪ ብቻ ይዞ ከነበረ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ በዲስክ እንዲያቆይ ከታዘዘ ግን መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በእኛ አገር ሁኔታ የመጀመሪያውን የሚመርጥ ባለሙያ ምክንያቱን ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ከነዚህ ሁሉ የከፋው ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። ያልተለካ ቀን በ-99.9 ተወክሎ ሳለ በስሕተት ከተደመረ የወሩ ዝናብ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። ባዶው ቦታ በማስገቢያው ላይ ወደ 0 ከተለወጠ ግን ቡሬ በክረምት እኩሌታ አሥር ቀን ሙሉ ዝናብ አላየችም ማለት ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ይናገራል። ሰዓቱም ወጥመድ ነው። ታዛቢው «3፡00» ያለውን ኮምፒዩተሩ እንደ ፈረንጅ ሰዓት ከወሰደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ንባቡ ከአውቶማቲክ ጣቢያ መዝገብ ጋር ሲጣመር በመካከል የዘነበው ከዕለቱ ይነጠላል፤ የወሩ ድምር ግን እምብዛም ስለማይናጋ ማንም አይጠረጥርም።

ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ በአዲ ሓ የተጀመረው የሰብል መድን ካሳ የሚከፍለው ማሳ ለማሳ ዞሮ ጉዳት በማየት ሳይሆን፣ ከሳተላይት በተገመተ የዝናብ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነበር። የሳተላይት ግምት ትክክለኛነት የሚመዘነው ደግሞ በምድር ላይ በተለካ ዝናብ ነው። ሐሰተኛ 0 ያልነበረ ድርቅ ይፈጥራል። ባዶው ቦታ ምልክት ሳይደረግበት በብዙ ዓመት አማካይ ቢሞላ ደግሞ የነበረ ድርቅ ይሸፈንና በገበዝ ማርያም ሰብሉ የደረቀበት ገበሬ በመዝገብ ላይ እንደ ዘነበለት ይቆጠራል። ክፍተትን በግምት መሙላት ነውር አይደለም፤ የተለካው ከተገመተው ተለይቶ እንዲታወቅ ግን ያስፈልጋል።

ገበሬው እህሉን ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲያስገባ በቁና ይሰፍራል፤ ስንት እንደ ወጣና ስንት እንደ ገባ ያውቃል። የመረጃ ማስገቢያውም እንዲሁ ከጣቢያው የወጣውንና ማከማቻ የደረሰውን መዝገብ ይቁጠር፤ ቆጣሪውም ከአጓጓዡ ፕሮግራም የተለየ ይሁን። (ቅጹ በየትኛው የቀን አቆጣጠር እንደ ተሞላም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ጁላይ 31፣ ሐምሌ ግን 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን የረሳ ፕሮግራምም አይቻለሁ።) የአንድ ጣቢያ የ30 ዓመት ዕለታዊ ንባብ 11 ሺህ ያህል ቁጥር ነው። በየዓመቱ ለምረቃ ጥናት ርእስ የሚያፈላልጉ ተማሪዎቻችን አንድ አንድ ጣቢያ ወስደው፣ ወረቀቱ ሳያረጅ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ ከኮምፒዩተሩ መዝገብ ጋር ቢያመሳክሩ እያንዳንዱ 0 ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይቻላል።