የገመዱ ዋጋ በውሉ ይግባ

በአንጋጫ፣ እንዲሁም በዱራሜና በሆሳዕና ባለ ፎቅ ቤት መሥራት እየተስፋፋ በሄደ መጠን፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ታስሮ በቆመ መወጣጫ ላይ ወጥቶ የሚገነባው፣ የሚለስነውና ብሎኬት የሚያቀብለው ወጣት በዝቷል፤ ከእነዚህም አንዱ ወድቆ ነፍሱ ባለፈ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል ለሐዘንተኛ መጽናኛ ሆኖ ሲነገር ማንም አይነቅፈውም፤ ነገር ግን ባለ ሕንፃውና ኮንትራክተሩ የቸልተኝነታቸው መሸሸጊያ ባደረጉት ጊዜ፣ የሰውን በደል በፈጣሪ ላይ መጫን ይሆናልና በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከሰገነቱ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ፣ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መለኮታዊው ሕግ እንኳ የወደቀውን ሰው ለዕድሉ አልተወውም፤ ዕዳውን በባለቤቱ ላይ አኖረ እንጂ።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያዝዛል፤ ጉዳት በደረሰም ጊዜ አሠሪው ጥፋት ባይገኝበት እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሆኖም ባለቤቱ ሥራውን ለኮንትራክተሩ፣ ኮንትራክተሩ ለግንበኛው፣ ግንበኛውም ስሙ በመዝገብ ላልሰፈረ የቀን ሠራተኛ ሲያስተላልፍ፣ ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይሰወርና፣ የሟች ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ተለምኖ በጥቂት ገንዘብ ይሸኛል።

ከመውደቅ የማይተናነሰው የጉድጓድ መደርመስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታልና ከዚያም በላይ ስለሚመዝን፣ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከአፈሩ በላይ ሳለ እንኳ መተንፈስ ተስኖት ሊሞት ይችላል። በክረምት፣ መሬቱ ውኃ በጠገበ ጊዜ፣ አደጋው ይብሳል፤ ስለዚህ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ ጎኑ በጣውላ ሊደገፍ ወይም ወደ ላይ እየሰፋ ሊቆፈር፣ የወጣውም አፈር ከአፋፉ ሊርቅ ይገባል። በውኃ ጉድጓድ ውስጥ የነዳጅ ሞተር ማስነሣትም ሌላ ሞት ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ አስቀድሞ የወረደው ሲወድቅ ሊያወጣው የሚወርደውም ወንድሙ ይከተለዋል። አዳኙ ራሱ ከመውረድ ይልቅ፣ በመጀመሪያው ወራጅ ወገብ ላይ አስቀድሞ በታሰረ ገመድ ከላይ መሳብ ሁለተኛውን ነፍስ ያተርፋል።



እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የገመዱ፣ የደኅንነት ቀበቶው፣ የራስ ቁሩና የመደገፊያው ጣውላ ዋጋ፣ እንደ ሲሚንቶውና እንደ ብረቱ ሁሉ፣ ገና ከጅምሩ በሥራው ውል ውስጥ ለብቻው ተጽፎ እንዲገባ ነው። ይህን አጉድሎ ርካሽ ዋጋ ያቀረበ ኮንትራክተር የቀነሰው ከትርፉ ሳይሆን ከሠራተኛው ዕድሜ መሆኑን ባለ ሕንፃው ይወቅ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥ ይህን የውል አንቀጽ አይቶ ማኅተሙን ያሳርፍ፤ የቀብሩን ሸክም የሚሸከሙት ዕድሮችም፣ ከአባሎቻቸው መካከል ቤት የሚያሠራውን ሰው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጠርተው ውሉን እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።