ስም የሌለው ፋይል

የአንጋፋው ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ ሁለተኛ የሙዚቃ ሕይወት የተጀመረው ባሕር ዳር ነው። እሳቸው ግን በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ባሕር ዳር የነበረው ካሴታቸው ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ ከተማዋ ውስጥ ካሴት ሲያፈላልግ «ሸሞንሟናዬ» እጁ ገባ። ሥራው በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተቀዳ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ ከባንድ ተለይተው፣ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮናቸውን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር ደራርበው የሠሩት ነው። ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ መኝታ ቤቱ ሆኖ ሙዚቃ የሚያቀናብር ወጣት የሚሠራውን እሳቸው ከ40 ዓመት ገደማ በፊት ሠርተውታል ማለት ነው።

ካሴቱ ላይ ስም ነበር። ሺምኮቪትዝ በዚያ ስም ተመርቶ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ አልበሙም በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሰው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን ወደ ፋይል እየቀየረ በኢንተርኔት ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሲያድል የቆየ መሆኑ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ አሳታሚነት ሲሻገር ከሙዚቀኞቹ ጋር ትርፉን እኩል ለመካፈል ተነሣ። ኃይሉ ያን ሁሉ ዓመት ሙያቸውን አልጣሉም፤ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ከድጋሚ ኅትመቱ በኋላ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ።

ታሪኩ «ኮፒ ሙዚቃውን ገደለው» የሚለውን የቆየ እሮሮ ደግመን እንድንመረምር ያስገድዳል። ኮፒ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የአገራችንን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ፣ በተለይም አቀናባሪውን፣ ክፉኛ የሚጎዳው ግን ሥራው መባዛቱ ብቻ ሳይሆን ስሙ ተገፎ መባዛቱ ነው።

ለማረጋገጥ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ባጃጅ መሳፈር ይበቃል። ሾፌሩ ፍላሹን ሲሰካ በማጫወቻዋ ጠባብ መስኮት ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ትራክ 07» ነው፤ ካልሆነም ዘፈኑን የለቀቀው የቴሌግራም ቻናል ስም ነው። የዘፋኙን ስም ተሳፋሪው ከድምፁ ይለያል። ከበሮውን ማን እንደ ደረደረ፣ ማሲንቆውን ማን ቀድቶ ከሲንተሳይዘር ጋር እንዳዋደደ፣ ሚክሲንጉን ማን እንደ ሠራ የሚነግረው ነገር ግን የለም። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ውስጥ ታጥፋ የምትገባው ወረቀት ቢያንስ ግጥምና ዜማውን የማን፣ ቅንብሩን የማን እንደሆነ ትናገር ነበር። ፋይሉ ሲመጣ ያቺ ወረቀት ቀረች፤ በምትኳ ምንም አልተተካም። ፋይል ስም የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው አይደለም። ኤምፒ3 የድምፃዊውን፣ የአቀናባሪውንና የአልበሙን ስም የሚይዝ ቦታ በውስጡ አለው። ባዶ የሚተወው፣ ወይም በራሱ ማስታወቂያ የሚሞላው ሰው ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ ነገሩ ይበልጥ ጎላ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሙዚቃ አልጠፋም፤ በፍላሽ፣ በሜሞሪ ካርድ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሚልኩ መተግበሪያዎች መሻገሩን ቀጠለ። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ዘፈን ስንቴ እንደ ተደመጠ የሚቆጥር የለም፤ ባልተቆጠረ ነገር ላይ ደግሞ ክፍያ አይታሰብም። ዩቲዩብ ወይም ሌላ የማዳመጫ መተግበሪያ ቢያንስ የእይታና የማዳመጥ ቁጥር ያሳያል። ፍላሽ ይህንም አያሳይም።

ነገሩ በጣና ዳር ሲታይ ሌላ መልክም አለው። የጎጃምና የጎንደር አዝማሪ ዜማ ከዜማ ሲወራረስ ኖሯል፤ አንዱ የፈጠረውን ሌላው አንሥቶ፣ የራሱን ግጥም ጨምሮ ሲጫወተው ሌባ የሚለው የለም። ያ ልማድ አዝማሪውን ጦሙን ያላሳደረው እሱ ራሱ በቦታው ስለሚገኝ ነው። አድማጩ ከፊቱ ነው፤ ግጥም ይሰጠዋል፣ ሽልማቱን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ፋይል ሲጓዝ ግን ሠሪው አብሮ አይጓዝም። ስለዚህ እሱን ተክቶ የሚቆመው ስሙ ብቻ ነው። የመዋዋሱን ደግ ልማድ ይዘን የመሸለሙን ግዴታ ከተውን አዝማሪዎቹ ያቆዩልንን ሥርዓት በግማሹ ነው የወረስነው።

የሙዚቃው ገንዘብስ ወዴት ሄደ? ወደ መድረክ። ካሴትና ሲዲ ሲሸጥ አሳታሚው ለአልበም ገንዘብ ያወጣ ነበር፤ ሽያጩ በኮፒ ሲዳከም ዘፋኙ ኑሮውን በኮንሰርት፣ በሠርግና በምሽት ክበብ ላይ መሠረተ። በነጻ የሚዞረው ዘፈን ለእሱ ማስታወቂያ ሆነለት። አቀናባሪው ግን መድረክ የለውም። የእሱ ሥራ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ዋጋ ሲያጣ የእሱም ሥራ አብሮ ዋጋ አጣ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለውም ሥራውን ሲያስረክብ አንዴ ነው፤ ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ሚሊዮኖች ጋር ቢደርስ ለእሱ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይህን ለማየት ሮፍናን ኑሪን ማስታወስ ጥሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ለብዙኃኑ ጆሮ አቀረበ፤ የሚያቀናብረውም፣ የሚዘፍነውም፣ መድረክ ላይ ከማሽኖቹ ጋር የሚቆመውም ራሱ ነው። ፋይሉ በየፍላሹ ሲገለበጥ ስሙ ከድምፁ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ሕዝቡም ኮንሰርቱ ላይ ይመጣል። ለሌሎች ዘፋኞች የሚሠራ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ አቀናባሪ ይህ ዕድል የለውም።

ፋይል መጋራት የሰጠንንም መካድ አይገባም፤ የሰጠን ብዙ ነው። ካርዱ በብር ብቻ የሚሠራለት ወጣት ከውጭ አገር የሙዚቃ ሶፍትዌር ገዝቶ ማስገባት እንዴት ይከብደው እንደነበር ሙያተኛው ያውቃል። ኩቤዝንና ኤፍኤል ስቱዲዮን ክራክ ተደርገው በእጅ በእጅ ባገኟቸው ቅጂዎች የተማሩ አቀናባሪዎች ጥቂት አይደሉም። እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ አዲስ አበባ ሆነው ማሲንቆና ክራርን ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር ያዋሐዱበት፣ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ የጠራው ሙዚቃም ድንበር የተሻገረው ፋይል በኢንተርኔት በመጓዙ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው 1432 አር የተባለ አነስተኛ አሳታሚ በ2014 እ.ኤ.አ. የሁለቱንም ሥራ በሸክላ አሳተመ። ሚካኤል «ዘላለም»ን በ2016 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ አሳታሚ በኩል አወጣ። እዚህም ሥራዎቹ የሠሪዎቹን መለያ ስም ይዘው በመውጣታቸው ፈላጊ ባለቤቶቹን ማግኘት ይችላል።

ኃይሉ መርጊያ የተለየ ዕድል ገጠማቸው እንጂ ስም እንጀራ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ስም ብቻውን አይከፍልም። ነገር ግን ማንኛውም የክፍያ ሥርዓት ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለማን?» ብሎ ነው። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። «አቡጊዳ» የተባለውን አልበም ያቀናበረው ኤልያስ ከጆኒ ራጋ፣ ከኃይሌ ሩትስና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ አስጀመረ፤ ሰው በስልኩ ሒሳብ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም.፣ አረፈ። ኋላም ሰዋስውን የመሰሉ መተግበሪያዎች መጡ። ዘፈንን በጥቂት ብር ለመሸጥ የተደረገው ይህ ጥረት ሊበረታታ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም የሠሪውን ስም መዝግቦ የሚነሣ የሽያጭ መንገድ ነው።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ቅንብርን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ ሲወጣም ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፈተ። ቅጣቱ ከባድ ነው። ነገር ግን ፍላሽ ሞልቶ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝን ወጣት አምስት ዓመት ማሰር ማንም ደፍሮ የማያደርገው፣ ቢያደርገውም አቀናባሪውን የማይጠቅም ነገር ነው። ይልቅ ትኩረት ያጣው የማኅበራቱ ክፍል ነው። ሆቴሎች፣ የምሽት ክበቦች፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃ አጫውተው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ከእነሱ ሰብስቦ ለአቀናባሪው ማድረስ ፍላሽ ጫኞችን ከማሳደድ ይቀላል።

እስከዚያው ያለ አዋጅ፣ ያለ በጀት ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። አቀናባሪዎች ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ስማቸውንና አድራሻቸውን ፋይሉ ውስጥ ይጻፉ፤ ውላቸው ላይም ስማቸው ከዘፋኙ ስም ጋር በዩቲዩቡም፣ በቴሌግራሙም እንዲወጣ ያስገቡ። ዘፋኞች ይህን ሳይጠየቁ ይፍቀዱ። ባሕር ዳርም ሆነ ሌላ ከተማ ሙዚቃ የምትጭኑ፣ ቻናል የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የራሳችሁን ስም ለመለጠፍ ብላችሁ የሠሪውን ስም አትሰርዙ።