ሌዘሩ ያጣው ፊደል

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ነው፤ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጣ እንግዳ ከፍሎ፣ ስካውትና አስጎብኚ ይዞ የሚነሳው ከዚህ ነው። ወደ ጃናሞራ ወረዳዋ ከተማ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መኪናም በዚያው ፓርክ ውስጥ ያልፋል። እንዲህ ያለ መናኸሪያ ከተማ ብዙ የሚጻፍና የሚቀረጽ ነገር አለው፦ የሆቴል ታፔላ፣ የአስጎብኚ ባጅ፣ የማኅበር ማህተም፣ የመንገድ ምልክት፣ እንግዳው ለማስታወሻ ይዞት የሚሄደው የእንጨት ዋልያ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው የሌዘር ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። ቴዎዶር ሜይማን ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ማስታወቂያ ቤቶች ከአክሪሊክና ከኮምፔርሳቶ ፊደል የሚቆርጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ በቤል ላብራቶሪ፣ በሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል የተፈጠረ ነው። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ረከሰ፣ አነሰ፣ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ቻለ። መሠረቱ ግን ያው ነው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት መልኩን የቀየረው ማሽኑን የሚያዝዘው የንድፍ ሶፍትዌር ነው፤ ለትንሽ ከተማ ሱቅም ከማሽኑ ይልቅ የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው እሱ ነው።

ሻጮቹ በአሁኑ ጊዜ አብዝተው የሚያስተዋውቁት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ሶፍትዌሩ ለቅርጽ የተዘጋጀ ሥዕል ያቀርባል ይላሉ። ደባርቅ ላይ ግን ይህ ነገር ቶሎ ይጋለጣል። ዋልያ ሥራ ሲባል ከአውሮፓ ተራራ የመጣ የሚመስል ፍየል የሚሥልበት ጊዜ አለ፤ ጭላዳ ሲባል ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ረስቶ ተራ ዝንጀሮ ያወጣል። በሥዕሉ ላይ በአማርኛ ጻፍበት ከተባለማ ጉድ ነው፦ ከሩቅ ፊደል የሚመስል፣ ቀረብ ሲሉት ግን ማንም የቆሎ ተማሪ የማያውቀው ጭረት ይደረድራል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ለሦስት ቀን ጭላዳ ሲያይ ለከረመ ቱሪስት እንዲህ ያለ ሥዕል መሸጥ ያሳፍራል። አካባቢውን የሚያውቅ ልጅ በእርሳስ ነድፎ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ የሶፍትዌሩ የሥዕል መከተያ ወደ መስመር ቢለውጥለት ይሻላል። ይህ መከተያ በነጻው ኢንክስኬፕ ውስጥም፣ በሚሸጠው ላይትበርን ውስጥም አለ።

ያልተጮኸላቸው ግን የሚጠቅሙ አገልግሎቶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው ቁርጥራጮችን በአንድ ሰሌዳ ላይ አጠጋግቶ የሚደረድረው ነው። ዲፕኔስት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህንን ብቻ ይሠራል፦ ሃያ የቁልፍ መያዣ ቅርጾች ይሰጡታል፣ እያዟዟረ ትንሽ እንጨት በሚያባክን መንገድ ይደረድራቸዋል። እንጨት ለዚህ አካባቢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ለይቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ የቅርጽ ባለሙያ የሚመኛቸው እንጨቶችም እነዚያው ናቸው። አናጺ ቤት የሚወድቅ ጠማማ የዋንዛ ቁራጭ ካለ ደግሞ የካሜራ አገልግሎቱ ይመጣል። ከማሽኑ በላይ የተሰቀለች ካሜራ ቁራጩን ታሳያለች፤ ዲዛይነሩ ሥዕሉን በስክሪን ላይ እየጎተተ ቁራጩ ላይ ያሳርፈዋል። ማገዶ ሊሆን የነበረ እንጨት የሚሸጥ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ስም ከሠንጠረዥ እየወሰደ የሚሞላው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለስልሳ ተማሪ የስም ሰሌዳ ቢያዝ ዝርዝሩ በኤክሴል ይገባል፣ ሶፍትዌሩ ስልሳውንም በየተራ ይቀርጻል፤ ስም እያጠፉ እንደገና መጻፍ ቀረ። የማቴሪያል መዝገቡም ጥሩ ነው፤ ለሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ የሚስማማው ፍጥነትና ኃይል አንዴ ተሞክሮ ይቀመጣል። መዝገቡ ግን ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ነገር ምን እንደሆነ አያይም። ከገበያ በርካሽ የተገዛ ፕላስቲክ ፒቪሲ ከሆነ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ይበላል። ይህን መዝገቡ አይከለክልም።

መብራቱስ? ሥራው ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ አክሪሊኩ ተበላሸ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መድገም የተቆረጠውን ዳግመኛ ማቃጠል ይሆናል። ላይትበርን በቅድመ ዕይታ መስኮቱ ላይ ከዚህ ጀምር የሚያሰኝ ቁልፍ አለው፤ መስመሩ የቆመበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ መቀጠል ነው። ሰሌዳውን ማንም እስካልነካው ድረስ ይሠራል። ለአሜሪካ ተጠቃሚ ይህ እምብዛም የማይነካ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ ለደባርቅ ሱቅ ግን ከማናቸውም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነው።

ኢንተርኔቱም እንዲሁ ነው። ንድፉን በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ አስልተው በኢንተርኔት ለማሽኑ የሚልኩ ዓይነቶች አሉ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ከገዢዎች አስቀድሞ ገንዘብ ሰብስቦ የተነሳው ግሎውፎርጅ የሚታወቀው በዚህ አሠራር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እንዲህ ያለ ማሽን የገዛ ሰው ቢኖር ኖሮ ሲያየው ይውል ነበር። የማንም ማሻሻጫ ወረቀት ምንም ቢል፣ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ የንድፍ ሶፍትዌር ለዚህ አገር አይገዛም። ኢንክስኬፕ አንዴ ከተጫነ ማንንም አይጠይቅም፤ ዋጋም የለውም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.3 እትሙ የተደራረቡ ቅርጾችን በአንድ መጎተት እያዋሐደና እየቆረጠ የሚሄድ መሣሪያ ጨምሯል። የላሊበላን መስቀል ሐረግ ለሚነድፍ ሰው ቀድሞ ብዙ ድካም የነበረውን መጠላለፍ እጅግ አቅልሎለታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የመምረጥ ጉዳይ ነው። ለመምረጥም የማይቀርብ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ፊደል ነው።

አማርኛ በሌዘር አይጻፍም ማለት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ኒያላ ለዊንዶውስ ይገኛል፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ይገኛል። ችግሩ እነዚህ ሁሉ ለወረቀትና ለስክሪን የተሠሩ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ፊደል ዙሪያው የተከበበ፣ ውስጡ የሚሞላ ቅርጽ ነው። አታሚ ማሽን ይሞላዋል። ሌዘር ግን ለመሙላት እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ መመላለስ አለበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጃናሞራ የሚለውን ቃል አራት ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ሰጥቶ ባጅ ላይ መቅረጽ ይፈለግ። መስመሮቹ በ0.1 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ የማሽኑ ራስ 100 ጊዜ ይመላለሳል፤ አራት ሴንቲ ሜትሩ በ100 ሲባዛ አራት ሜትር ጉዞ ነው። በየጫፉ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚመለስበት ደግሞ ከዚህ ውጪ ነው። ያንኑ ቃል ሰው በብዕር እንደሚጽፈው በአንድ መስመር ቢጽፈው የአራቱ ፊደላት ጭረት ተደምሮ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሃያ እጥፍ ያህል ልዩነት ነው። የባጁ ቁጥር ሁለት መቶ ከሆነ ልዩነቱ የመብራት ሂሳብ ላይም፣ የሌዘሩ ቱቦ ዕድሜ ላይም ይታያል።

ለላቲን ፊደል ይህ ችግር ከተፈታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አለን ኸርሺ የተባለ አሜሪካዊ በ1967 እ.ኤ.አ. በባሕር ኃይሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆኖ በመስመር ብቻ የሚጻፉ ፊደላትን አዘጋጀ። ላቲን ሠራ፣ ግሪክ ሠራ፣ የሩሲያን ፊደል ሠራ፣ የጃፓንን ሳይቀር ሠራ። ግዕዝ ከውስጡ የለም። ኢንክስኬፕ ዛሬም የኸርሺን ስም የያዘ መሣሪያ ይዞ ይመጣል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ሲከፍተው የሚረባው ነገር አያገኝም። እናም ባለ ሱቁ አማርኛውን በወፍራሙ ፊደል ሞልቶ ይቀርጻል፣ አለዚያም ዙሪያውን ብቻ አስኪዶ ባዶ ቱቦ የመሰለ ጽሑፍ ያወጣል።

ትንሽ ጽሑፍ ላይ ጣጣው ይብሳል። ኀምሱን ፊደል ማየት በቂ ነው፤ ቤ፣ ሌ፣ ሴ ሁሉም እግራቸው ሥር ቀለበት አላቸው። ፊደሉ አራት ሚሊ ሜትር ቁመት ሲኖረው የቀለበቷ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የሌዘሩ ጨረር ራሱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይበላል። ቀለበቷ ትደፈንና ነጠብጣብ ትሆናለች። ክብ ማህተም ላይ፣ ጽሑፉ ዙሪያውን ሲጠመዘዝ፣ ይህ ጉድለት ማንበብ እስኪያስቸግር ይደርሳል። ፊደሉ ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የመ ሁለት ዓይኖች፣ የወ ሆድ፣ የዐ ውስጥ ተነጥለው ይወድቃሉ፤ በየቦታው ማያያዣ ድልድይ ካልተተወላቸው። ላይትበርን ማያያዣ ይሠራል፤ የት ቢቀመጥ ፊደሉ እንደማያስጠላ የሚያውቀው ግን አንባቢው ነው።

ማሽን ያለ ፊደላችን መጥቶ ሰው ፊደሉን ሲሠራለት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ሲወጣ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ግን ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛ እንዲጽፍ አደረጉት። ኮምፒውተር ሲመጣ አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አትላው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ሲሠሩ የሰጡት ስም ዳሸን ነበር፤ ከጃናሞራ ወዲያ የሚታየው ተራራ ስም። ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎች አንጻር የመስመር ፊደል ማዘጋጀት ትንሽ ሥራ ነው። 33 ሲባዛ በሰባት 231 ፊደል፣ በላዩ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ።

ጃናሞራ ውስጥ ሰው መንገድና መብራት ሲፈልግ ስለ ፊደል ጭረት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። መንገዱና መብራቱ መቅደማቸው ልክ ነው። ይህኛው ግን የበጀት ዓመት አይጠብቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ አለ። ኮምፒውተር የሚያውቁ ተማሪዎች አሉ፤ በአካባቢው አድባራት ደግሞ ብራና ላይ በመቃ ብዕር የሚጽፉ፣ ፊደል ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ እጃቸው የሚያውቅ ጸሐፍት አሉ። አንድ መስመር ለመሳል የሚያስፈልገው እውቀትም ይኸው የጭረት ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱን ወገኖች አንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኛቸው ሰው ብቻ ጠፍቷል።

ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው የነጻ ፊደል ፈቃድ መውጣት ይኖርበታል። ለአንድ ማስታወቂያ ቤት ተሽጦ ከተቆለፈ መርካቶ ውስጥ ተኮርጆ መሰራጨቱ አይቀርም፤ የሚሰራጨውም ስህተቱ ያልታረመው ቅጂ ይሆናል። የመጀመሪያው ፈተናም ሩቅ አይደለም፦ በፓርኩ መንገድ ላይ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የሚሉ የእንጨት ሰሌዳዎች። ጨነቅ ላይ የጨ ሦስት እግሮችና የቅ ክብ አሉ፤ እነዚህ በአንድ መስመር ተስለው ከአሥር ሜትር የሚነበቡ ከሆነ የቀሩት ፊደላት አያስቸግሩም።