ኩብኩባው ኬላ የለበትም፣ ማስጠንቀቂያው ግን ኬላ ላይ ይታሰራል!

ጎበዝ! በዚህች አገር ገበሬው ላይ መዓት በወረደ ቁጥር ባለሥልጣኖቻችን የሚያዜሟት አንዲት ዘፈን አለች። “የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ምን ይደረግ!” ትላለች። ድርቅ ሲመጣ ተፈጥሮ፣ ጎርፍ ሲመጣ ተፈጥሮ፣ አንበጣ ሲመጣ ተፈጥሮ። ተፈጥሮ ደግሞ ቢሮ የላት፣ ቃል አቀባይ የላት፣ ተከሳ ችሎት አትቀርብ! እኔ ግን የምለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የገበሬያችንን ጤፍና ማሽላ የበላው አንበጣ ብቻውን አይደለም። ያልተከፈለ መዋጮና ያልደረሰ ወሬም አብረውት በልተዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2018፣ አንዱ በግንቦት አንዱ በጥቅምት፣ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከአረብ ባሕር ተነስተው ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የዓረቢያ በረሃ በዝናብ አጥለቀለቁት። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አሸዋ ላይ ሳር በቀለ። አንበጣው ሰው በማያየው በረሃ ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ጦርነት ወዳደቀቃት የመን ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት ባሕሩን ተሻግሮ ሶማሊያና እኛ ዘንድ ገባ። በዚያው ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከልክ አለፈ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ሌላ አውሎ ነፋስ ሶማሊያን መታ። ለአንበጣ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ባሕር በሞቀ ቁጥር እንዲህ ያለው ነገር ይደጋገማል። ባሕሩን ያሞቀው ግን ፋብሪካም መኪናም የሌለው የራያ ገበሬ አይደለም።

አስሉት እንግዲህ! ከመጀመሪያው አውሎ ነፋስ አንስቶ አንበጣው እኛ ደጃፍ እስኪደርስ አንድ ዓመት አልፏል። አንድ ዓመት ሙሉ! ሮም ያለው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በየወሩ የአንበጣ መግለጫ ያወጣል። ታዲያ ወሬው የት ቀረ?

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተቋቋመ ድርጅት የለም እንዳትሉኝ። አለ! የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ይባላል፤ ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዘጠኝ አገሮች አባል ናቸው፦ እኛ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ጂቡቲ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ። አሳቡ ግሩም ነበር፤ ገንዘብ አዋጥቶ አውሮፕላን መያዝ፣ ባለሙያ ማሰማራት፣ አንበጣን በተወለደበት መቅጨት። ግን መዋጮው? አባል መንግሥታቱ በጊዜው እንደማይከፍሉና ውዝፉ እንደተቆለለ ሲነገር ዓመታት አልፈዋል። ኪሱ የተራቆተ ድርጅት ምን ሊያድን ይችላል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ለዘገባ ራያ ቆቦ ወርጄ ነበር። ማሽላው ደርሶ ማጭድ ሲጠብቅ ሰማዩ ጠቆረ። እናቶች ቆርቆሮ ይደበድባሉ፣ ጎረምሶች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ሕፃናት ጣሳ ይቀጠቅጣሉ። እኔም ማስታወሻዬን ጥዬ ጣሳ ይዣለሁ። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው “ልጄ፣ እናንተ ከተማ ያላችሁት ሊመጣ እንደሆነ ሰምታችሁ ነበር ወይ?” አሉኝ። ሰምተን ነበር፣ አባቴ። እናንተ ዘንድ አልደረሰም እንጂ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአንበጣ መከላከያ መሥሪያ ቤት ባለበት አገር፣ የገበሬው መሣሪያ ጅራፍና ጣሳ!

የዘገየ ሰው ዋጋውንም ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የምግብና እርሻ ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ የጠየቀው 76 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለጋሾች እጃቸውን እያሹ ሳሉ በየካቲት ወደ 138 ሚሊዮን አሻቀበ። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው አባቶቻችን ተረት ለመደርደር አልነበረም! በእኛ አገር ብቻ 200 ሺህ ሄክታር ያህል ማሳ መጎዳቱን፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለእርዳታ እጁን መዘርጋቱን ያ ድርጅትና መንግሥት በጋራ ባደረጉት ጥናት ነግረውናል። ይኼ ደግሞ ገና የእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ሒሳብ ነው፤ የጥቅምቱ አልተደመረም።

አንዳንዶች “የራሳችን ገበሬ ሳይጠግብ ለጎረቤት ምን አስጨነቀን?” ይሉናል። ወንድሜ፣ አንበጣ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ከወር በላይ መሬት ለመሬት የሚዘል ኩብኩባ ነው። ያኔ በቀላሉ ይገደላል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበራል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ይጨርሳል። ሶማሊያ ውስጥ ኩብኩባ ለመግደል የምናወጣው ብር ለራያ ማሽላ የቆመ ዘበኛ ነው። ለጎረቤት የተሰጠ ምጽዋት አይደለም!

መተባበር ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ምስክሩም ስንዴያችን ነው። ኃይለኛው የግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ታየ፣ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 እኛ ዘንድ፣ በ2006 የመን ደረሰ። ነፋስ ነው የሚያሳፍረው። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ደግሞ ሌላ ዓይነት ዋግ መጥቶ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ጠራርጎታል። ነገር ግን በዚህ በኩል እጅ አልታጠፈም። ኬንያ ንጆሮ ላይ የብዙ አገሮች ስንዴ ሆን ተብሎ ለዋግ ይጋለጣል፤ የቆመው ይመረጣል፤ የወደቀው ይጣላል። እኛም ደብረ ዘይት ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። ዋግ የሚቋቋም ዘር ለገበሬው የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲመካከር እንዲህ ነው!

በሌላው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። ኬንያ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል በዓመት ሦስት ጊዜ የወቅት ትንበያ ያወጣል። በእንግሊዝኛ፣ በካርታ፣ በሆቴል አዳራሽ! አበሉ ይበላል፣ ፎቶው ይነሳል። አንዲት በሬ ያለው ገበሬ ግን ቦሎቄ ልዝራ ወይስ ማሽላ ለሚለው ጥያቄ ዛሬም መልስ የሚፈልገው ከደመናው ነው።

መንግሥታቱ ደግሞ ለጠብ ፈጣኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ አበባና ሞቃዲሾ በወደብ ጉዳይ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው በታኅሣሥ አንካራ ላይ ነው የተሸማገሉት። ይኳረፉ! ግን የአንበጣና የትንበያ ወሬ ከኩርፊያቸው ውጪ ይሁን። ኩብኩባ ወደብ አይፈልግም፤ ማሳ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የአንበጣው ድርጅት መዋጮ በወቅቱ ይከፈል፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ በየዓመቱ በጋዜጣ ይውጣ። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑና መድኃኒቱ መንጋው ሳይነሳ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ትንበያው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአፋርኛም፣ በትግርኛም በሬዲዮ እስከ ቀበሌ ይውረድ። አራተኛ፣ ለስንዴ የሠራው የዘር ልውውጥ ለማሽላም ለቦሎቄም ይሥራ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት ባለፈው ደርሶብናል። የሚቀጥለው መንጋ በየትኛው በረሃ እንደሚፈለፈል አይታወቅም፤ እንደሚመጣ ግን ይታወቃል። ያን ጊዜ “ተፈጥሮ ነው” የሚለንን ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው፦ ጌታው፣ መዋጮውን ከፍለዋል?